ስለ አልሙኒየም ቆራጭ መኪናና ስለ ልደታ ተማሪዎች

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በከተማው ባቡር ድልድይ ሥር ወደ ልደታ የሚያዘግም ሰው፣ የልደታ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን፣ የፍርድ ቤቱን ሕንፃና በአሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ስፍራ የቆሙትን ፎቆች አንድ በአንድ እያየ ሲያልፍ፣ ከዓይኑ ፊት ዘወትር የሚመላለሰው ማዕድን አልሙኒየም መሆኑን ልብ የሚለው ከስንት አንድ ነው። የመስኮቱ ክፈፍ አልሙኒየም ነው፤ የሱቁ በር አልሙኒየም ነው፤ የሕንፃው ግንባር የተሸፈነበት ሰሌዳ በሁለት ስስ የአልሙኒየም ልባሶች መካከል ፕላስቲክ ገብቶበት የተሠራ ነው፤ በየቤቱ ምድጃ ላይ የሚጣደው ድስትም ብዙውን ጊዜ ከቁራሌው ጆንያ ተለቅሞ፣ ቀልጦ የፈሰሰ አልሙኒየም ነው። ይህን ያህል በዝቶ በደጃችን የወደቀው ማዕድን ግን፣ የትምህርት ቤት ልጅ ለሮቦቱ ክንድ ወይም ለመንኰራኵሩ መያዣ ሲፈልገው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ባሕር ማዶ ተቆርጦ፣ ተበስቶና በሣጥን ታሽጎ የመጣውን ነው።

ጸሐፊው በዚህች ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚወደው ነገር አንድ ነው። የትምህርት ቤቶቻችን የሮቦት ክበቦች፣ ተዘጋጅቶ ከመጣላቸው ሣጥን ውስጥ ቡሎንና ሰሌዳ እያወጡ ከመግጠም አልፈው፣ አልሙኒየም የሚቆርጥ ትንሽ ሲኤንሲ መኪና በገዛ እጃቸው ሊሠሩ ይገባቸዋል፤ ለዚህም ሥራ መጀመሪያ ከልደታ የሚሻል ሰፈር በአዲስ አበባ አይገኝም። ሲኤንሲ የሚባለው፣ ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ለመግለጥ፣ መቁረጫው የሚሄድበት መንገድ በቍጥር ተጽፎ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የፍሬዛ መኪና ነው፤ የቶርኖ ቤት ባለሙያ በሁለት እጁ መዘውር እያዞረ የሚያደርገውን ይህ መኪና በሞተር ያደርገዋል።

በአገራችን ልጆችን ከሮቦት ጥበብ ጋር ለማስተዋወቅ እስካሁን የተደረገው ድካም ሊናቅ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ፣ ሶፊያ ለተባለችው ስመ ጥር ሮቦት ከተሠራው ፕሮግራም የበኩሉን ድርሻ አበርክቶ የኢትዮጵያ ስም በዚህ ረገድ እንዲነሣ አድርጓል፤ ስቴምፓወር የተባለውም ድርጅት በቢሾፍቱ ከፎካ ማዕከል ጀምሮ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ለታዳጊዎች የሳይንስ ማዕከላትን ከፍቷል፤ መንግሥትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለአምስት ሚሊዮን ሰዎች የኮዲንግ ትምህርት ለማዳረስ የታቀደውን መርሐ ግብር አስጀምሯል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም ፈርስት ግሎባል የተባለው ውድድር ከየአገሩ አንድ አንድ የወጣቶች ቡድን እየጠራ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የዕቃ ሣጥን እየሰጠ፣ የሀብታሙንና የድኻውን አገር ልጅ በአንድ ሜዳ ላይ ያሰልፋል፤ ይህም ደግ አሳብ ነው።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ሁሉ ጥረቶች ሚዛን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ይመስለኛል። ልጆቻችን የሚማሩት በይበልጥ ትእዛዝ መጻፍን ነው፤ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚንቀሳቀሰው ግዙፍ አካል ግን በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ አገር ተሠርቶ የመጣ ነው። ሮቦትን ከነፍስና ከሥጋ የተዋሐደ ፍጥረት አድርገን ብናስበው፣ እኛ ስለ ነፍሱ ብቻ ተጨንቀን ሥጋውን ለነጋዴ ትተነዋል ማለት ነው። ስለዚህም አንዲት የብረት ማያያዣ የተሰበረች እንደ ሆነ፣ አሳቡ ምጡቅ፣ ፕሮግራሙም የተስተካከለ ሆኖ ሳለ፣ ሥራው ሁሉ ቆሞ ከውጭ የሚመጣውን ምትክ ይጠብቃል፤ የዚያም ምትክ ዋጋ፣ ብር በገበያ ተመን እንዲመነዘር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በብር ሲቈጠር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ሣጥኑ የልጁን ምናብም ይገድበዋል፤ በሣጥኑ ውስጥ የሌለ ቅርጽ በልጁ ልቡና ውስጥም እንዳይፀነስ ይሆናልና።

ልደታ ለአልሙኒየም እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲያደርግ የያዛቸው አውሮፕላኖች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47 ነበሩ፤ እነዚህም ከአፍንጫቸው እስከ ጭራቸው የአልሙኒየም ቆዳ የለበሱ ሲሆኑ፣ በእነዚያ ዓመታት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው ይኸው የልደታ ሜዳ ነው። ዛሬ አሮጌው አየር ማረፊያ እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን የወረሰው ከዚሁ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጄት አውሮፕላን ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላጠረ ነገሩ ሁሉ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከዚያም በፊት፣ በ1928 ዓ.ም. ግድም፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በአገራችን የሠራትና በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን ነበረች፤ ይህችውም በወረራው ዘመን ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው ናት። ፀሐይ ስትመለስ ሁላችን ደስ ብሎናል፤ ሆኖም በዚያ ሰሞን ከተጻፈው ሁሉ ውስጥ፣ ክንፏንና ክፈፏን የሠሩት እጆች በምን መሣሪያ እንደ ሠሩ የጠየቀ ጽሑፍ ለእኔ አላጋጠመኝም።

ሲኤንሲ ራሱ የአውሮፕላን ልጅ ነው። በአሜሪካ ጆን ፓርሰንስ የተባለ ሰው የሄሊኮፕተርን ክንፍ ቅርጽ በትክክል ለመፈተሽ ሲቸገር፣ የቅርጹን ነጥቦች በቍጥር አስልቶ መኪናውን በቍጥር መምራት የሚል አሳብ አመነጨ፤ የአገሩም አየር ኃይል የአውሮፕላን ክንፍ ከድፍን አልሙኒየም እንዲቀረጽለት ይፈልግ ስለ ነበር ገንዘብ መደበ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተበሳ ወረቀት የሚታዘዘው የመጀመሪያው የፍሬዛ መኪና ለሕዝብ ታየ። ያ መኪና አንድ ክፍል የሚሞላ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ነበረው። ዛሬ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ፣ በኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተፈጠረው አርዱይኖ የተባለ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ሰሌዳ ነው፤ በላዩ የሚጫነውም ግርብል የተባለው ፕሮግራም ለማንም ያለ ዋጋ የተሰጠ ነው። እንግዲህ ሰባ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ከመንግሥታት ግምጃ ቤት ወደ ልጆች ጠረጴዛ የወረደ ጥበብ፣ በልደታ ደጃፍ ቆሞ የሚያስገባው አጥቷል።

መኪናው ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ድልድይ፣ በድልድዩም ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ የመቁረጫ ሞተር አለ። ሦስቱን ጉዞዎች የሚያንቀሳቅሱት ስቴፐር የተባሉት ሞተሮች፣ አንዱን ዙር በ200 እርምጃ ከፍለው የሚዞሩ ናቸው፤ ሞተሩ የሚያዞረው ጥርስ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ቢሆን፣ አንዲቱ እርምጃ የሚሊ ሜትር አርባኛ እጅ ትሆናለች፤ የተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት የዚህን አራት እጥፍ ያህል ነው። ይህን ሒሳብ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሊያወጣው ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ግን ለእንጨትና ለፕላስቲክ የሚበቃ ነው፤ ጭንቁ የሚጀምረው አልሙኒየም ሲቀርብ ነው። እንጨት የመኪናውን ድካም ይሸፍናል፤ አልሙኒየም ግን ድካሙን ሁሉ በገሃድ ያወጣዋል። ድልድዩ የላላ እንደ ሆነ መቁረጫው እየተንቀጠቀጠ በሰሌዳው ላይ የተሸበሸበ ጠባሳ ይተዋል፤ ኩሽኔታው የተበላ እንደ ሆነ ክቡ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ይወጣል፤ በዘንጉና በዳዶው መካከል ክፍተት ያለ እንደ ሆነ፣ መኪናው አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥር ልኩ ይስታል። አንድ የተጋደመ ምሰሶ ወርዱና ቁመቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን፣ በዚያው ኃይል ሲገፋ የሚጎብጠው እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ መሆኑን በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ እስከ ፈተናው ቀን ያስታውሰዋል፤ ሰፊ መኪና ለመሥራት ጓጕቶ ድልድዩን ያረዘመና በዚህ ምክንያት የተበላሸ ሰሌዳ በእጁ የያዘ ተማሪ ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይረሳውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፍጥነት ምሥጢር ነው፤ በዚህም ጀማሪዎች ሁሉ የሚስቱት ወደ ፍርሃት ወገን ነው። መቁረጫው እንዳይሰበር በመሥጋት በዝግታ ያስኬዱታል፤ በዝግታ ሲሄድ ደግሞ መቁረጡን ትቶ መፋቅ ይጀምራል፤ ሲፋቅ ይግላል፤ ሲግል ለስላሳው ፍቅፋቂ ከመቁረጫው ጥርስ ጋር ተጣብቆ ስለቱን ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ መሰበሩ አይቀርም። በደቂቃ 18,000 ጊዜ የሚዞርና አንድ ጥርስ ያለው መቁረጫ በእያንዳንዱ ዙር የሚሊ ሜትር መቶኛ አምስት እጅ ሊነክስ ይገባዋል ብንል፣ በደቂቃ 900 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት፤ በዓይን ሲያዩት ይህ ፍጥነት ያስደነግጣል፤ ቍጥሩን አምኖ መልቀቅን ግን ልጁ መማር አለበት። የቶርኖ ቤት ሽማግሌዎች አልሙኒየም ሲቆርጡ ነጭ ጋዝ ጠብ የሚያደርጉት ፍቅፋቂው እንዳይጣበቅ ነው፤ ልማዱም ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ በሚፈጥን መኪና አጠገብ የሚነድ ነገር ማፍሰስ የሚያስከትለውን አደጋ ከልጆች ጋር ሲሠሩ ሊያስቡት ይገባል፤ ከቱቦ የሚነፋ ነፋስ ፍቅፋቂውን ከቦታው ማስወገዱ ብቻ ትልቅ ረድኤት ይሰጣል።

ስለ ማዕድኑም ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ አገር መጻሕፍት ለዚህ ሥራ ዘወትር የሚመሰገነው 6061 የተባለው የአልሙኒየም ቅይጥ ነው፤ የመስኮትና የበር ክፈፍ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ከ6063 ነው፤ ይህም ለስለስ ያለና ከመቁረጫው ጋር መጣበቅ የሚወድ ስለ ሆነ፣ የመጽሐፉን ቍጥር እንዳለ የወሰደ ተማሪ ያፍራል። የድስቱ አልሙኒየም ደግሞ ከምን ከምን እንደ ተቀየጠ ያቀለጠውም አያውቀው። ስለዚህ የልደታ ልጅ የራሱን ቁርጥራጭ ፈትኖ፣ የራሱን ሠንጠረዥ መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል፤ ይህ መዝገብ ለሚከተለው ዓመት ተማሪዎች የሚተላለፍ ርስት ይሆናል። መብራት መጥፋቱም ሌላ መምህር ነው፤ በሥራ መካከል ኃይል ሲቋረጥ ሞተሮቹ የነበሩበትን ስፍራ ይረሳሉና፣ መኪናው ወደ መነሻ ነጥቡ ተመልሶ ራሱን እንዲያገኝ የሚያደርገውን ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ለእኛ አገር ተማሪ ትርፍ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው።

የቁም ጸሐፊን ሥርዓት ያየ ሰው የምለውን ቶሎ ይረዳል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጸሐፊ ለመሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር ፊደል መጣል ብቻ አይማርም፤ የፍየሉን ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና ያደርጋል፤ ጥላሸቱን በጥብጦ ቀለም ያወጣል፤ መቃውን ቀርጾ ብዕር ይስላል፤ በወስፌ መስመር ያሰምራል፤ እጁ መሣሪያውን ስለሚያውቀው፣ ብዕሩ ሲደነዝዝ ወደ ገበያ አይልክም፤ ሰንጢውን አውጥቶ ይስለዋል። ይህን የመሰለ የትምህርት ሥርዓት ያቆየ ሕዝብ፣ ባስልኤል ለደብተራ ኦሪት ንዋያት ወርቁንና ናሱን ይሠራ ዘንድ ጥበቡን ከላይ እንደ ተቀበለ በኦሪት ዘጸአት እያነበበ፣ ብረት ሠሪውን ግን ለብዙ ዘመን በቡዳነት ሲያማ መኖሩ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ያደረሳቸውም ይኸው ነው። አዋጁ ስድቡን ከአፍ አወጣ፤ ከልብ ለማውጣት ግን አዋጅ አይበቃም፤ ዛሬም ቢሆን ልጁ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የሚኮራ፣ እጁ ግራሶ ነክቶ ሲመጣ ደግሞ ፊቱን የሚያጠቍር ወላጅ አይጠፋም።

የሚቃወም ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩት ቤቶች ተሠርቶ የመጣ ሲኤንሲ አላቸው፤ ገንዘብ ከፍሎ ማስቆረጥ ሲቻል ስለ ምን ይደከማል? ይላል። የሚፈለገው የተቆረጠው ሰሌዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ መልስ ያጣ ጥያቄ ነበር፤ ተማሪዎች የሚሠሩት መኪና ከፋብሪካ ከወጣው እንደሚያንስ፣ ጊዜም እንደሚፈጅ አልክድም። ነገር ግን የትምህርት ቤት ፍሬ ሰሌዳው አይደለም። ቱቦላሬ ሲበየድ እንደሚጣመም፣ የተጣመመውን ለማቅናት ልክ መለካት እንደሚያስፈልግ፣ ለመለካትም በመጀመሪያ ቀጥ ያለ ነገር መኖር እንዳለበት በእጁ የመረመረ ልጅ፣ ነገ ከፋብሪካ የመጣውን መኪና ሲሰበር ሊጠግነው ይችላል፤ አስቆርጦ የወሰደው ልጅ ግን ተሰልፎ ይጠብቃል።

ሌላው ደግሞ፣ ጠመኔና መቀመጫ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ሮቦት ምን ይረባቸዋል? ይላል። ይህ ከፊተኛው የከበደ ነቀፋ ነው፤ መልሱም፣ ለየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ መኪና አይደለም የምለው፤ ለሰፈሩ አንድ ይበቃል። ጆሮና ዓይን አደጋ ላይ ይወድቃሉ የሚልም አለ፤ እውነቱን ነው፤ መነጽር ሳያደርጉ፣ ድንገተኛ ማቆሚያ ቀይ ቍልፍ ሳይኖር፣ አዋቂ ሰው በአጠገብ ሳይቆም ማንም ልጅ ሞተሩን አያስነሣ። ለእኔ ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሠጋኝ የበዓል ፍቅራችን ነው፤ ሪባን ተቆርጦለት አልሙኒየም ሳይቆርጥ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀር መኪና እንዳይሆን እፈራለሁ።

ልደታን የመረጥሁበት ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት የተመሠረተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ይገኛል፤ ቶርኖውን፣ ፍሬዛውን፣ ትራፓኖውንና ሞርሳውን የሚያውቁ መምህራን በዚያ አሉ። በ1940ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የተቋቋመው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕንፃ ኮሌጅ በልደታ ነው፤ የድልድዩን ቱቦላሬ ውስጡን በኮንክሪት ሞልቶ መንቀጥቀጡን ማብረድ እንደሚቻል ከእነርሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። የመርካቶ ምናለሽ ተራም ሩቅ አይደለም፤ ከአሮጌ የፎቶ ኮፒ መኪና የወጣ ሞተርና ዘንግ እዚያ ይገኛል፤ ለመማሪያ እንጂ አልሙኒየም ለመቁረጥ እንደማይበቃ ግን ገዢው ይወቅ። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው ሰሌዳ፣ ኳስ ያለበት ዘንግና ጥሩው መቁረጫ መገዛታቸው አይቀርም። ፊተኛው መኪና አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ደግሞ የሁለተኛውን መኪና የአልሙኒየም ክፍሎች ራሱ ይቆርጣል፤ ሁለተኛውም ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ የተግባረ ዕድ ኮሌጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ወርክሾፑን ለአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዲከፍት፣ የሕንፃ ኮሌጁም ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹን ረዳት አድርጎ እንዲልክ፣ የከተማው ትምህርት ቢሮ ለኮዲንግ ካሰበው ጥቂቱን ለመቁረጫና ለዘንግ እንዲያውል፣ የጉምሩክ ሹማምንትም በትምህርት ቤት ስም የሚገባውን የዚህን ዓይነት ዕቃ በተለየ ዓይን እንዲያዩት በትሕትና አሳስባለሁ። በልደታና በዙሪያው መስኮትና በር የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ እናንተን ግን የምለምነው ወጪ የሌለበትን ነገር ነው፤ ከሰላሳ ሴንቲ ሜትር የሚረዝመውን ቁርጥራጭ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት፣ በአቅራቢያችሁ ያለውን ትምህርት ቤት ጠይቁ።